ከጎፋ እስከ ዝዋይ፤ ለእናቴ ዓሣ የሚሆን ክር ፍለጋ

ጎፋ፣ ንጋት

ከጎፋ የወጣነው ገና በቅጡ ሳይነጋ ነበር፤ እኔና ጎረቤቴ ጋሽ ከድር። እሱ ባዶ ጆንያ ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጧል፤ እኔ የአናጢነት ዕቃዬን የምይዝበትን የሸራ ቦርሳ አንግቻለሁ። ቦርሳው ውስጥ ግን የዚያን ቀን መጋዝም መሮም አልነበረም። አንድ ጥቅል የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ ሁለት መንጠቆ፣ ፒንሳ፣ ጨው፣ በሶና አንድ አሮጌ አንሶላ ነበር። እስከዚያች ጠዋት ድረስ እንኳን ዓሣ ላጠምድ ሐይቅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

የጉዞው ምክንያት እናቴ ናት። በጥር ወር ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ስትወጣ ዶክተሩ ለብቻዬ ጠራኝና፣ «መድኃኒቱ የራሱን ሠርቷል፤ ከእንግዲህ የሚያነሳት ምግብ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ስጧት» አለኝ። እሺ ብዬ ይዣት ወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። እማዬ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ሁዳዴን ገድፋ አታውቅም። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው፣ «ለሕመምተኛ ተፈቅዷል፤ እግዚአብሔር ያውቅልሻል» ቢሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከብዙ ልመና በኋላ በዓሣ ተስማሙ። እሷም አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለች፤ ዓሣው ክንፍና ቅርፊት ያለው መሆን አለበት፣ ቅርፊቱንም በገዛ ዓይኗ ማየት አለባት።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት መሸጫ ተሰልፈን የምናገኘው ዓሣ ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ተቆራርጦ ነበር። ባለቤቴ አስቴር ግማሽ ቀን ተሰልፋ ያመጣችውን አብስላ ብታቀርብላት፣ እማዬ ሳህኑን በጣቷ ገፋ አድርጋ፣ «ይሄ አምባዛ ላለመሆኑ ማን ይመሰክርልኛል?» አለች። አምባዛ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው፤ እንደ እሷ ያሉ አጥባቂዎች አይነኩትም። እንዲህ እያለች በአጥሚትና በተልባ ውሃ ብቻ ቀረች። ጣቷ ከመክሳቱ የተነሳ የጋብቻ ቀለበቷ እየወለቀ ስላስቸገራት ክር ጠምጥማ አጠበበችው። ያን ስታደርግ ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ።

ጋሽ ከድር ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አለው፤ የስልጤ ሰው ነው፣ ታናሽ እህቱ ዝዋይ ተድራለች። ጭንቀቴን ሲሰማ፣ «ታዲያ ሄደን ለምን ሙሉውን አናመጣላትም?» አለ።

«ይሸጡልናል?»

«መግዛቱን ተወው። ማህበሩ የሚያወጣውን ለመንግሥት ነው የሚያስረክበው፤ ለግለሰብ አንዲት አይሸጥም። በመንጠቆ ለቤትህ ብታወጣ ግን የሚከለክልህ የለም።»

የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ስጠይቀው ምክንያቱን ጠየቀኝ። ዓሣ ላመጣ ነው አልኩት። ቀና ብሎ ካየኝ በኋላ ጸሐፊውን፣ «ለሦስት ቀን ጻፍለት» አለው። ስለዚህ ያለን ጊዜ ሦስት ቀን ነበር፤ እማዬ ደግሞ ከዚያ በላይ የምትጠብቅ አትመስልም ነበር።

ስለ ክሩ

እዚህ ላይ መንገዱን ትንሽ አቁሜ ስለ ክሩ ልናገር፤ ጥፋቱ ሁሉ የተጀመረው ከመነሳታችን በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነውና። ምናለሽ ተራ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። እኔም ሁሉን ዓይነት ክር አንድ ሻጭ ዘንድ አገኘሁ። ሰውየው ክሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ «ምን ልትሰፋ ነው?» አለኝ።

«ዓሣ ላጠምድ።»

«ኧረ ባክህ! ከየት? ከአቃቂ ወንዝ?»

ሳቁን ሲጨርስ አንድ በአንድ አሳየኝ። የጥጥ ሲባጎ አለ፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቋጠሮውም አይፈታም። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ሰም የጠጣ ክር አለ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ተተርትሮ የወጣ፣ ጠቆር ያለ፣ ከስንደዶ የሚወፍር ክር አለ። ከሁሉም ዳር ደግሞ ቀጭን፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ናይለን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «ይሄስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እሱ የጨሌ ክር ነው፣ የሴቶች ነው» አለኝ።

እኔ አናጢ ነኝ። ቀጭን ሚስማር አልወድም፣ ስስ ሳንቃ አልወድም፣ የሚርገበገብ በር ሳይ ያመኛል። ስለዚህ ምርጫዬን ለማንም ሳላማክር አደረግሁ። ሁሉንም ተራ በተራ ጉልበቴ ላይ አጠንጥኜ ጎተትኳቸው። ሲባጎው ተበጠሰ፣ የጫማ ሰፊው ክር እጄን ቆረጠኝ። የጎማው ክር ግን ፍንክች አላለም። «በሬ ይጎትትልሃል» አለኝ ሻጩ። በሦስት ብር ገዛሁትና አንድ ነገር የጨረስኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የደብረ ዘይት መንገድ

ከጎፋ ወደ ሳሪስ በእግር ወርደን አስፋልቱ ዳር ቆምን። አውቶቡስ ፍለጋ መርካቶ ድረስ ከመሄድ የጭነት መኪና መለመን ይሻላል ያለው ጋሽ ከድር ነው፤ ትክክልም ነበር። ባዶ ጠርሙስ ወደ ሻሸመኔ የሚወስድ መኪና ቆመልንና ሾፌሩ በነፍስ ወከፍ ሦስት ሦስት ብር ተቀብሎ ጋቢና አስገባን። ቃሊቲ ኬላ ላይ ወርደን ወረቀታችንን አሳየን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ጥቅሉን አወጣና፣ «ይሄ ምንድነው?» አለ። «የዓሣ ክር» ስለው ጎተት ጎተት አድርጎ ሞከረው። «ጠንካራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ደስ አለኝ።

ከቃሊቲ በኋላ ሰማዩ ከፈት ይላል። የአቃቂ ፋብሪካዎች ጭስ ከኋላ ቀርቶ፣ በዱከም በኩል የጤፉ ማሳ ታጭዶ የቀረው ገለባ ጠዋት ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ደብረ ዘይት ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። ሞጆ ደርሰን ሽሮ በላን፤ ሳህኑ ሰባ አምስት ሳንቲም ነው፣ ቃሪያው ግን ከሽሮው ይበልጥ ነበር። ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ አየሩ ይለወጣል። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ መሬቱ ረባዳ ሆኖ ግራሮቹ ጃንጥላ መስለው እዚህም እዚያም ቆመዋል። መቂ ላይ ፓፓያና ሽንኩርት መንገድ ዳር ተቆልሏል። ጋሽ ከድር ሲመለስ ጆንያውን የት እንደሚሞላ ከአሁኑ ምልክት አደረገ።

ሾፌሩ ወሬኛ ነበር። ስለ ክሩ ስነግረው እሱም፣ «ወፍራም ነው የሚያዋጣህ፤ ዓሣ ውሃ ውስጥ ጉልበቱ ሌላ ነው» አለኝ። ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ መሆኑን የነገረን ዝዋይ ልንወርድ ስንል ነው።

ዝዋይ፣ የመጀመሪያው አመሻሽ

የጋሽ ከድር እህት ዘይነባ ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነው። ባሏ የመንግሥት እርሻ ላይ ይሠራል፤ ለሳምንት እዚያው ነበር። ወንድሟን ስታይ እየዘለለች አቀፈችው፤ የመጣንበትን ስትሰማ ደግሞ እኔን እንደ ቤተ ዘመድ ታየኝ ጀመር። «እናትህን አላህ ይማራት፤ ዓሣማ ሞልቷል» አለች። ከሥጋ ቤት ለማጥመጃ የሚሆን አንጀት ለምና ሰጠችንና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሐይቁ ወረድን።

ሐይቁን ሳየው ቆሜ ቀረሁ። ያን ያህል ውሃ አንድ ቦታ ተኝቶ አይቼ አላውቅም። ዳሩ በደንገልና በሣር ተሸፍኗል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትከሻቸውን ሰብስበው፣ ቀብር ላይ እንደቆሙ ሽማግሌዎች፣ የዓሣ ጭንቅላት ይጠብቃሉ። የማህበሩ ሰዎች ጀልባቸውን ጎትተው የቀኑን ዓሣ ሚዛን ላይ ያስቀምጣሉ። በቅርጫቱ ውስጥ ቆሮሶ ነበር፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ ቅርፊት የለበሰ። እማዬ የምትፈልገው ዓሣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተጋድሟል። ለመዛኙ ስለ እናቴ ነገርኩት፣ አንድ ብቻ ብዬ ለመንኩት።

«ጓድ፣ ተመዝኗል፤ ከዚህ ላይ አንድ ብትጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ በትሕትና። «መንጠቆ ይዘህ የለ እንዴ? ውሃው ሰፊ ነው። ወደዚያ ማዶ ብቻ አትሂድ፣ ጉማሬ አለ።»

አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ወፍራሙን ክሬን ዘርግቼ፣ አንጀቱን ትልቁ መንጠቆ ላይ ሰክቼ ወረወርኩ። ብዙ አልቆየም፤ ክሩ እጄ ውስጥ ተወጠረና አንድ ነገር ወደ ውሃው ይጎትተኝ ጀመር። «ጋሽ ከድር!» ብዬ ጮህኩ። እሱ በወገቤ ያዘኝ፣ እኔ ክሩን ያዝኩ፣ ሁለታችንም ጭቃው ላይ እየተንሸራተትን ጎተትን። ክሩ ፍንክች አላለም። «አላልኩህም! አላልኩህም!» እያልኩ ነበር። ወጣ። የክንዴን ያህል የሚረዝም ዓሣ ሣሩ ላይ ተንፈራገጠ። ሮጬ ሄጄ ጀርባውን በእጄ ዳበስኩት።

እንደ ረጠበ ሳሙና ለሰለሰኝ። ቅርፊት የሚባል ነገር የለውም። አፉ ዳር ደግሞ እንደ ድመት ጢም ተንጠልጥሏል።

«አምባዛ!» አለ ጋሽ ከድር በደስታ። «ወላሂ የዘንድሮ ትልቁ ይሄ ነው!» ፊቴን ሲያይ ደስታውን ሰበሰበ። ሌላ ወረወርኩ፤ ሌላ አምባዛ መጣ፣ ከፊተኛው ያነሰ። ያን ወዲያው ወደ ውሃው መለስኩት። ሊመሽ ሲል ጋሽ ከድር ጎኔ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማ ታደሰ፣ ቆዳውን ገፈን ቆራርጠን ብንወስድላት ማን ያውቃል? ነፍሷን ለማትረፍ ነው» አለኝ።

አልዋሽም፣ አሰብኩበት። ካልበላች ትሞትብኛለች የሚለው ነገር ከሐሳቤ አይወጣም ነበር። ግን እማዬ ቅርፊቱን አሳየኝ ትላለች፤ ባትልም ደግሞ፣ እሷ እያመነችኝ ስትበላ ፊቷን እንዴት አየዋለሁ? «አይሆንም ጋሽ ከድር» አልኩት። «አይሆንም አይደል?» አለ እሱም፣ የጠበቀው መልስ ይመስል። አምባዛውን ዘይነባ ጠበሰችው፤ እነሱ በሉት፣ እኔ በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ። ጥብሱ በጣም ያውድ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት አንጀቱን ትተን ሊጥ ይዘን ሄድን፤ ቆሮሶ ሊጥ እንደሚወድ ዘይነባ ነግራናለች። ትንሹን መንጠቆ አሰርኩ፣ ክሩ ግን ያው የጎማው ክር ነው። ነፋስ ስላልነበረ ደንገሉ ሥር ያለው ውሃ ጠርቶ ነበር፤ ቆሮሶዎቹ ሲመጡ በዓይናችን እናያለን። ይመጣሉ፣ ሊጡን ይከቡታል፣ ያቺ ጥቁር ክር ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዞራሉ። አንዱ ደፋር ሊጡን ጫፍ ጫፉን ለቅሞ ሄደ፤ መንጠቆው አፉ ውስጥ አይገባም፣ አፋቸው ጠባብ ነው። ረፋዱን ሙሉ እንዲህ ሲሳለቁብን ዋሉ። በመጨረሻ ተናድጄ ድንጋይ ወረወርኩባቸው። ጋሽ ከድር ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም አኩርፌው ወደ ቤት ተመለስን።

ዘይነባ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለገበያ የምትሸጠውን ጨሌ ትሰካ ነበር። ከአርሲ የሚመጡ ሴቶች ናቸው ደንበኞቿ። ቀዩንና ቢጫውን ዶቃ እያፈራረቀች ስትሰካ ዶቃዎቹ በአየር ላይ የተንጠለጠሉ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ክሩ አይታይም። መርካቶ ላይ የሴቶች ነው ተብሎ ንቄ የተውኩት ያ የጠራ ናይለን ነው። ራሴን በጥፊ መምታት አማረኝ።

«ዘይነባ፣ ይሄ ክር ውሃ ውስጥ ይታያል?»

«እኔ እንጃ፤ ከጣቴ ከወደቀማ ወለሉም ላይ አላገኘው።»

ባልዲ ውሃ አምጥተን አንድ ክንድ ያህል ነከርንበት። ጋሽ ከድር ጭንቅላቱን ባልዲው ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረው፤ «የት ገባ?» ይላል። ዘይነባ አንድ ሙሉ ጥቅል ሰጠችኝ። ዋጋውን ብጠይቃት ተቆጣች፤ በግድ አንድ ብር የዶቃዋ ዕቃ ውስጥ ጣልኩላት።

መንጠቆው ቀረ። እሱ የእጄ ሥራ ነው። የዘይነባን መርፌ ከሰል ላይ አግዬ በፒንሳ አጎበጥኩ። የመጀመሪያው ተሰበረ፣ ሁለተኛውም ተሰበረ። ሦስተኛውን በደንብ እስኪቀላ ጠብቄ ቀስ ብዬ ሳጎብጠው እሺ አለ። ቀዳዳው ውስጥ ክሩ ይገባል፤ ከመንጠቆም መንጠቆ ሆነ። ሌላ ሁለት ሠራሁና ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎን ወረድን።

ቆሮሶው ወዲያው ያዘ። አሁንስ አበቃ ስል ክሩ እጄ ላይ ቀለለ። «ተበጠሰ!» አልኩ፣ «አይ ቀጭን ነገር!» ጎትቼ ሳወጣው ግን ክሩ ደህና ነው፤ መርፌው ነው የሌለው። ሁለተኛውም እንዲሁ ሄደ። የክሩን ጫፍ ቀረብ አድርጌ ሳየው ተጠቅልሏል እንጂ አልተቆረጠም። ቋጠሮው ነው የተንሸራተተው። ሲባጎ እንደማስረው አስሬው ነበር፤ ናይለን ግን ልስልስ ስለሆነ በዚያ ቋጠሮ አይጨበጥም። የቀረችኝን አንድ መርፌ ለመጣል አልደፈርኩም። እየመሸ ነው፣ በማግስቱ ደግሞ የወረቀቱ ቀን ያልቃል። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት።

ዘይነባ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። «ቋጠሮው ካልተቃጠለማ ጨሌውም ይፈታል» አለች። ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳለፈችው፣ በራሱ ላይ ደጋግማ ጠመጠመችው፣ በምራቋ አርጥባ አጠበቀችው። ከዚያ የተረፈውን ጫፍ በክብሪት ለኮሰችው፤ ጫፉ ቀልጦ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጉብታ ሆነ። በሙሉ ክብደቴ ጎተትኩ። አልተንሸራተተም።

ሦስተኛው ጠዋት

ጎህ ሲቀድ ግንዱ ላይ ተቀምጠናል። ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል። ሊጧን አስይዤ ሳወርዳት ክሩ ውሃው ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ሊጧ ብቻዋን የተንሳፈፈች መሰለች። አንዱ ቆሮሶ መጣ። አልዞረም። ዋጣት።

ልማዴ ነውና መንጭቄ ልጎትት ስል ጋሽ ከድር እጄን ያዘው። «ቀስ! ክሩ ቀጭን ነው፣ አትታገለው!» ስለዚህ አልታገልኩትም። ሲሄድ ለቀቅሁለት፣ ሲደክም ሰበሰብኩ። ክሩ ጣቴን እየሰረሰረው ደም አወጣኝ፤ ይበጠስ ይሆን እያልኩ ፈራሁ። መጨረሻ ላይ በጎኑ ተኝቶ ዳር ሲደርስ ጋሽ ከድር ሱሪውን ሳይሰበስብ ውሃው ውስጥ ገብቶ በሁለት እጁ አቀፈው። ፀሐይ ገና እየወጣች ነበር፤ ቅርፊቱ አንጸባረቀ።

«ቅርፊት አለው!» ብዬ ጮህኩ። «ቅርፊት አለው!»

ጀልባ የሚገፉት ሰዎች ዞረው አዩኝ። ቅርፊት ያለው ዓሣ አይቶ እንደዚህ የሚጮህ ሰው አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። በዚያች በአንዲት መርፌ ሌላ ሁለት አወጣሁ። ሦስተኛው ሲወጣ መርፌዋ ተቃናች፤ ክሩ ግን እስከ መጨረሻው ደህና ነበር።

ቤት ስንደርስ ዓሣዎቹን ለዘይነባ ሰጥቼ ጭቃዬን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ፊቴን ሳሙና እንደተቀባሁ አንድ የሚቧጭር ድምፅ ሰማሁ፤ ከርር፣ ከርር። ዓይኔ በሳሙና እየተቃጠለ ሮጥኩ። ዘይነባ ቢላዋ ይዛ፣ ለእንግዳ ክብር ብላ፣ የአንዱን ቆሮሶ ቅርፊት ጥርግ አድርጋ ጨርሳለች፤ ሁለተኛውን ልትጀምር ጅራቱን ይዛለች።

«ተይ! ተይ! ቅርፊቱን እንዳትነኪው!»

ደንግጣ ቢላዋውን ጣለችው። «ምን አጠፋሁ? ሰው ዓሣን ከነልብሱ ይበላል እንዴ?»

ነገሩን ስናስረዳት መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ከዚያ ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። የተጠረገው ዓሣ ለእሷ ቀረ። የሁለቱን ሆድ ብቻ ከፍታ አጠበችው፣ ውስጡን ጨው ሞላችው፣ በእርጥብ ሣርና በአንሶላው ጠቅልላ አሰረችልኝ። ያጠፋችው ነገር ከቶ አልነበረም፤ ሁለት መቅረታቸው ለእኔ ተዓምር ነው።

መልስ

አውቶቡስ አገኘን፤ እስከ አዲስ አበባ አምስት ብር። የመስኮቱ ወንበር ለዓሣው ሆነ፣ እኔ መሃል ተቀመጥኩ። በየመቆሚያው እየወረድኩ አንሶላውን ውሃ አጠጣዋለሁ። መቂ ላይ ጋሽ ከድር ጆንያውን በሽንኩርትና በፓፓያ ሞላ። ሞጆ ኬላ ሁላችንንም አስወረዱን። ወታደሩ አንሶላውን ገልጦ ዓሣዎቹን በዱላው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ለሽያጭ ነው?»

«አይደለም ጓድ፣ ለቤት ነው።»

«ለምን አልተጠረገም ታዲያ? ለቤት የሚሆን ዓሣ እዚያው አይጠረግም?»

የእናቴን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ሕመሟን፣ ጾሟን፣ ተቆራርጦ የቀረበላትን ዓሣ እንዴት እንደገፋችው። ሰውየው፣ «የእኔም እንደዚያ ናት፤ ጎጃም» አለና አንሶላውን ራሱ መልሶ ሸፈነው። «ሂዱ፣ ሳይበላሽ ድረሱላት።»

ሳሪስ ወርደን ወደ ጎፋ ስንወጣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ወደ ሰፈራችን ታጠፍን። የግቢያችን በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሴቶች ነጠላ ለብሰው፣ ወንዶች አጥሩን ተደግፈው፣ ዝም ብለው ቆመዋል። «ጋሽ ከድር…» አልኩ፣ የቀረውን መጨረስ አልቻልኩም። እሱም ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከሰዎቹ አንዷ ዞር ብላ አየችንና፣ «ጋሽ ከድር! ቶሎ በሉ እንጂ፣ ለቀበሌው ሱቅ ስኳር መጥቷል! ሰልፉ እዚህ ደርሷል!» አለች። ጋሽ ከድር፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። እኔ አጥሩን ይዤ ትንሽ ተነፈስኩ።

እማዬ አልጋዋ ላይ በትራስ ተደግፋ ነበር። አስቴር በሩ ላይ ተቀብላኝ፣ «ከሄድክ ወዲህ ምንም አልቀመሰችም» አለች በሹክሹክታ። አንሶላውን እማዬ ጭን ላይ ፈታሁት። እሷም መስኮቱን ክፈቱልኝ አለች፤ ከፈትን። ክንፉን በሁለት ጣት ይዛ ዘረጋችው። ከዚያ በጥፍሯ ከጎኑ አንድ ቅርፊት ፈነቀለችና ጣቷ ጫፍ ላይ ለጥፋ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። እኔና አስቴር ፈራጅ ፊት የቆምን ይመስል እስትንፋሳችንን ይዘናል።

«ይሄማ ዓሣ ነው» አለች። «አብስሉት።»

አስቴር በዘይት፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ሠራችው። እማዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ አማትባ ጎረሰች። ሁለተኛውን ሳታማትብ ጎረሰች። ከዚያ አጥንቱን እየለቀመች፣ ማንንም ሳታይ፣ ግማሹን ጨረሰች። ቀና ስትል ግንባሯ አልቦታል። «አስቴር» አለች፣ «ጨው አንሷል። ዓሣ እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው?» አስቴር በእማዬ ነቀፋ ስታኮርፍ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ያን ቀን ግን እየሳቀች ጨው ልታመጣ ሮጠች፤ ጓዳ ገብታ ስታለቅስም ሰማኋት። እኔም አልቻልኩም፣ ወደ ግቢ ወጣሁ።

የዚህ ጉዞ ትምህርት ለእኔ እንዲህ ነው። ዓሣ ለማጥመድ ክር የምትመርጡ ሰዎች፣ እንደ እኔ ከክንዳችሁ ጉልበት አትጀምሩ። መጀመሪያ የሚበላውን ሰው ጠይቁ፣ ቀጥሎ ዓሣውን እወቁ፣ ክሩ የመጨረሻው ነገር ነው። ለአምባዛ ወፍራም ክር ይበጃል፤ አምባዛ ራሱ ክፉ ምግብ አይደለም፣ ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ከድር ቤት በልቼ መስክሬአለሁ። ለቆሮሶ ግን ቀጭንና የጠራ ናይለን ያዙ፣ ክሩን አርጥባችሁ ቋጥሩ፣ ጫፉን በክብሪት ለኩሱት፣ ሲጎትት ልቀቁለት። እኔ ይህን ለመማር ሦስት ቀንና የጣቴን ቆዳ ከፍያለሁ፤ ርካሽ ነበር።

ግቢ ውስጥ ቆሜ ፊቴን ስጠርግ እማዬ ከውስጥ ጠራችኝ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን ከበሩ ውጭ ይሰማል።

«ታደሰ! ያቺን ሁለተኛዋን እንዳትነኩብኝ። ለነገ አስቀምጡልኝ።»

ለነገ አለች። ከታመመችበት ቀን ጀምሮ ከአፏ ይወጣ የነበረው የከፈኗ ነገር፣ የተስካሯ ነገር፣ የት ትቀበር የሚለው ነገር ብቻ ነበር። ስለ ነገ ስታወራ ስሰማት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።